ይድረስ በሌሉበት ለተፈረደብዎ የፕሌን ምግብ

ጉዳዩ፦ የሆድ ሕመም ክስ ውሳኔን ስለማሳወቅ

ክቡር ሆይ፣

እኔ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ከፍ ብሎ፣ የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ከሚጀምርበት ግርጌ ያለ የአንድ ሰፈር እድር ጸሐፊ ነኝ። ከዚህ ቀደም አልተዋወቅንም። እርስዎ በአሉሚኒየም ክዳንዎ ተሸፍነው ከደመና በላይ ይመላለሳሉ፤ እኔ ደግሞ እዚህ ድንኳን፣ ብረት ድስትና አግዳሚ ወንበር እየቆጠርኩ አስረክባለሁ፣ እረከባለሁ። ያም ሆኖ በስብሰባችን ስምዎ ሳይነሣ ያለፈ ወር ትዝ አይለኝም። ባለፈው እሑድም ከመዋጮ ቀጥሎ፣ ከድንኳኑ መቀደድ በፊት አጀንዳ ሆነው የሚከተለው ተወስኖብዎታል፦ ከቦሌ ተነሥቶ ወይም ቦሌ ደርሶ ሆዱን የታመመ የሰፈራችን ሰው ሁሉ፣ የታመመው በእርስዎ ምክንያት ነው። ውሳኔው በሙሉ ድምፅ ጸድቋል። ምስክር አልተሰማም፤ የተጠራጠረ ስላልነበረ አላስፈለገም።

ተበዳዩ ከአሜሪካ ለእረፍት መጥቶ የከረመ ልጃችን ነው። በሌሊቱ በረራ ተሳፈረ፤ ሱዳንን ሳያልፍ ሆዱ ተገለባበጠበት። የቀረውን መንገድ በወንበሩና በመጸዳጃ ቤቱ በር መካከል ሲመላለስ ጨረሰው። እንደ ደረሰ ደወለና «የፕሌን ምግብ ገደለኝ» አለ። እናቱ ለጎረቤት ነገረች፣ ጎረቤት ለዕቁቡ፣ ዕቁቡ ለእድሩ። «ድሮስ የፈረንጅ ምግብ!» ተባለ። ከቦሌ በሚነሣ አውሮፕላን ላይ የሚቀርብ ምግብ አብዛኛውን ጊዜ እዚሁ አዲስ አበባ እንደሚበስል ለማስረዳት የሞከረ አንድ ወጣት ነበር፤ ሥነ ሥርዓት እንዲያከብር ተነግሮት ተቀመጠ።

ለመዝገብ ያህል ብቻ፣ ያለ ምንም ተንኮል፣ የልጁን የመጨረሻ ቀን ውሎ ልንገርዎ። ረፋዱ ላይ ሾላ ገበያ ወርዶ በርበሬና ቅቤ ሸመተ፤ መንገዱን እርጎ ጠጣ። እኩለ ቀን ላይ ጓደኞቹ «ሳትበላማ አትሄድም!» ብለው ወደ ኮተቤ መንገድ ይዘውት ሄዱ። ሥጋው ከጠዋት ጀምሮ ተሰቅሎ ፀሐይና አቧራ ሲቀበል የዋለ ነበር፤ ከእሱ ላይ ቁርጥ ተቆረጠለት። ክትፎውን «ለብለብ ይሁን?» ሲሉት እንደ መሰደብ ቆጠረውና «ጥሬውን!» አለ። ከሰዓት በኋላ አክስቱ የካ ሚካኤል አካባቢ ጠላ ቀዳችለት፤ እምቢ ማለት እንደማይቻል እርስዎም ቢሆኑ አክስት ቢኖርዎ ያውቁት ነበር።

ምሽት ላይ እናቱ ቤት ዶሮ ቀረበ። ወጡ የተሠራው በዋዜማው ሲሆን፣ ከነድስቱ ምድጃ አጠገብ አድሮ፣ እንግዳ በገባ ቁጥር ለብ ሲደረግ የዋለ ነው። ከዚያ ጉርሻው ተጀመረ። አጎት አጎረሰ፣ የአጎት ልጅ አጎረሰ፣ የክርስትና እናት አጎረሰች፣ ታክሲ የሚያሽከረክረው ጎረቤት መኪናውን አቁሞ ገብቶ አጎረሰ። አንድ ጉርሻ ያጣላል ስለሚባልም ማንም በአንድ አልተወውም። እኛ ዘንድ ውሃ በፈረቃ ነው፤ ያን ቀን ተራው የእኛ አልነበረም። ስለዚህ እጅ መታጠቢያው ከጀሪካን በጣሳ እየተቆጠበ ነበር የወረደው፤ ዘግይተው የመጡት ደግሞ «ንጹሕ ነው» ብለው አለፉት።

እርስዎ የቀረቡት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ልጁ ከሩዝዎ ሁለት ሦስት ማንኪያ፣ ከዶሮዎ አንድ ጉማጅ ቀምሶ ክዳንዎን መለሰ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ሆዱ ተነሣ። ተያዙ!

በእድራችን ውስጥ ሰዓት መቁጠር የሚወድ ሰው ቢኖር ነገሩ እዚህ ላይ ይበላሽ ነበር። ሆድን የሚያውኩ ተሕዋስያን እንደየዘራቸው ቀጠሮ አላቸው። ስታፊሎኮከስ የሚባለው ምግቡ ላይ ተራብቶ መርዙን አስቀድሞ ስለሚያኖር አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ እስከ ስድስት ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ያስመልሳል። ሳልሞኔላ ከስድስት ሰዓት ወዲህ ብዙም አይቸኩልም፤ እስከ ሦስት ቀንም ሊያደባ ይችላል። ኖሮቫይረስ ከ12 እስከ 48 ሰዓት ይጠብቃል። ከጥሬ ሥጋ የሚመጣው የኮሶ ትልማ ራሱን ለማሳየት ሦስት ወር ገደማ ይፈልጋል። (አያቶቻችን በዚህ ረገድ ከእኛ ይሻሉ ነበር፤ ሥጋውን አልተዉም፣ ሌላም አልከሰሱም፤ ቀን ቆርጠው ኮሶአቸውን ጠጥተው ቤታቸው ይውሉ ነበር።) በዚህ ሒሳብ ከሄድን፣ ከአምስት ስድስት ሰዓት በፊት የተበላው ዶሮና ከነጉርሻው የገባው ሁሉ፣ ከአሥራ ሁለት ሰዓት በፊት የተበላው ክትፎም ቀጠሯቸውን አክብረው ከልጁ ጋር ተሳፍረዋል። ቦርዲንግ ፓስ የጠየቃቸው ግን የለም።

«የአውሮፕላኑ ከፍታ ሆዱን ነፋው» የሚል ተጨማሪ ክስም ቀርቦ ነበር። ይህን እንኳ እኔው ራሴ እንዲሰረዝ ጠይቄአለሁ። ለባሕር ዳርቻ ሰው እውነት ሊሆን ይችላል፤ ሽቅብ ሲወጣ ሆዱ ውስጥ ያለው አየር ይለጠጣልና። አውሮፕላን ውስጥ ያለው የአየር ግፊት የሚስተካከለው ግን ከ1,800 እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለ ተደርጎ ነው። የቦሌ ማኮብኮቢያ ራሱ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፤ ሰፈራችን ከዚያ ይበልጣል፤ የእንጦጦ አናት 3,000ን ያልፋል። እንግዲህ ድሪምላይነር ላይ የተቀመጠ የየካ ልጅ ሰማይ ላይ ሆኖም ከእናቱ ሳሎን ዝቅ ብሎ ነው የሚሄደው። ቤተ መንግሥቱ ከእንጦጦ ወደ ፍልውሃ ሲወርድ ስለ መኳንንቱ ሆድ መነፋት የጻፈ ታሪክ ጸሐፊ ደግሞ አላጋጠመኝም።

ነገር ግን፣ ክቡር ሆይ፣ ጻድቅ ነኝ ብለው እንዳይኮሩ። መዝገብዎ አለን። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1975 ከቶኪዮ ተነሥቶ በአላስካ አንኮሬጅ በኩል ወደ አውሮፓ በሚበር የጃፓን አየር መንገድ አውሮፕላን ላይ የአሳማ ሥጋ የገባበት የእንቁላል ጥብስ ሆነው ቀርበው፣ ከ340 በላይ ከነበሩት መንገደኞች ወደ 200 የሚጠጉትን አሳመሙ፤ ኮፐንሃገን ሲደርሱ ከ140 በላይ የሚሆኑት ሆስፒታል ገቡ። እ.ኤ.አ. በ1992 ደግሞ ከቦነስ አይረስ በሊማ በኩል ወደ ሎስ አንጀለስ በሄደ አውሮፕላን ላይ ከሊማ የተጫነ የባሕር ምግብ ሰላጣ ሆነው 75 ሰው ኮሌራ አስያዙ፤ አንድ ሰውም ሞተ።

የአንኮሬጁን ጉዳይ ሳነብ የገረመኝ ጥፋትዎ አይደለም፤ የተያዙበት መንገድ ነው። መርማሪዎች ማን ምን በላ ብለው ጠየቁ፤ የተረፈውን ምግብ መረመሩ፤ ከወጥ ቤቱ ሠራተኞች የአንዱ ጣት ላይ የቆሰለ ቦታ አገኙ። ስታፊሎኮከሱ ከዚያ ነበር የተነሣው። ምግቡ ለብዙ ሰዓት በደንብ ሳይቀዘቅዝ ቆይቶ ነበር፤ አውሮፕላኑ ላይ እንደገና ቢሞቅም መርዙ በእሳት የሚበገር አልሆነም። አብራሪዎቹ የተረፉት የእነሱ ሰዓት የእራት ሰዓት ስለነበረ ሥጋ መርጠው በመብላታቸው ነው። ዋናው አብራሪና ረዳቱ ከአንድ ዓይነት ምግብ እንዳይበሉ የማድረጉ ጥንቃቄ ከዚህ ወዲህ ይበልጥ ጠበቀ። (ከላምበረት በሚነሣው አውቶቡስ ሾፌርና ረዳት ዛሬም ከአንድ ትሪ ይቆርሳሉ፤ እግዜር ይጠብቃቸዋል።)

አንድ የቆሰለ ጣት 200 ሰው! ይህን ለእድሩ ሳነብ ሊቀ መንበሩ «ጉድ ነው፣ የሰው አገር ሰው አይጠነቀቅም» አሉ። የልጁን አፍ የጎበኙትን ጣቶች መቁጠር ከጀመርኩ በኋላ ዓይናቸውን አይቼ ተውኩት።

እኛ ዘንድ ምርመራ የለም ብዬ ሰፈሬን ላሳጣ አልፈልግም። አምና ከዱባይ የተመለሰች አንዲት ጎረቤታችን ባረፈች ማግስት ሆዷን ታመመች። ክሊኒክ ሄዳ ጣቷን ተወግታ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ውጤቱ ወጣ፦ ታይፎይድ፤ ታይፈስም «ትንሽ ነካ አድርጎሻል»። እድሩ ወዲያው በእርስዎ ላይ መዘገበው። የታይፎይዱ ምርመራ ቪዳል ይባላል፤ ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1896 ካወጣው ፈረንሳዊ ሐኪም ነው። የሚፈልገው ተሕዋሱን ሳይሆን ሰውነት ያዘጋጀውን መከላከያ ነው። ታይፎይድ በኖረበት አገር ደግሞ ያ መከላከያ ከቀድሞ ሕመም፣ ከክትባት፣ ከሌላ ዘመድ ተሕዋስም ተርፎ ሊገኝ ይችላል። ታይፎይድ ራሱ ብዙውን ጊዜ ከሳምንት በላይ ተደብቆ የሚቆይ ነው፤ ትናንት ማታ የበሏት ምግብ ዛሬ ጠዋት ታይፎይድ አያስይዝም። ይህን ሁሉ ለጎረቤታችን ነገርኳት። መድኃኒቱን ገዝታ ስለነበር ጨርሳ ዋጠችው፤ በሦስተኛው ቀን ተሻላት፤ የተሻላትም ከታይፎይድ ነው።

ስለ ልጁ ያልነገርኩዎ አንድ ነገር አለ። እናቱ ከዚያው ዶሮ በፕላስቲክ አሽጋ ሻንጣው ውስጥ ከትታለት ነበር። አሥራ ምናምን ሰዓት ከልብስና ከሽሮ መካከል ተጉዞ ደረሰ። ጤና ባለሙያዎች የበሰለ ምግብ ከሁለት ሰዓት በላይ ከማቀዝቀዣ ውጭ አይቆይ ይላሉ፤ የእናት ዶሮ ይህን መመሪያ አይቀበልም። ልጁ ሆዱ እንደ ረጋለት «የእናቴ ምግብ ይጠግነኛል» ብሎ አሙቆ በላው። በዚያው ሌሊት ተመልሶ ወደቀ። ይህ ሁለተኛው ሕመም በቃለ ጉባኤያችን «የፕሌኑ ርዝራዥ» ተብሎ ሰፍሯል። የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ሊቀ መንበሩ ቃል በቃል ነው ያስጻፉኝ።

እንዲያው ለማጽናናት ያህል፣ በዚህ የተከሳሽ ወንበር ላይ የመጀመሪያው እርስዎ አይደሉም። ከእርስዎ በፊት ምች ነበር፤ ዳማከሴ ታሽቶለት ይሰናበታል። ከምች ጎን ደግሞ ቡዳ ነበር። ያኔ ሆድ ቁርጠት በያዘን ቁጥር ጀበናና ምጣድ የምትሠራልንን ሴት፣ ማረሻ የሚቀጠቅጥልንን ሰው፣ ነጠላችንን የሚሸምነውን ሰው በዓይናችን እንፈልግ ነበር። ከእንጦጦ ሥር የሚኖሩ ባለ እጆች ይህን ስም ለትውልድ ተሸክመውታል፤ ሸክላቸውን ግን መግዛት አላቆምንም። የሚከሰሰው ሁልጊዜ ማዕዳችን ላይ ያልተቀመጠው ነው። እርስዎም እንደነሱ የሚያስፈልጉን፣ የማንወድዎ፣ መልስ የማይሰጡም ነዎት። ልዩነቱ እርስዎ ልጆች የሌሉዎት መሆኑ ነው፤ እና ይህ የሕሊናችንን ሥራ አቅልሎልናል።

እንግዲህ የጻፍኩበትን ዋና ምክንያት ልንገርዎ፦ እባክዎ ይግባኝ እንዳይጠይቁ።

እርስዎ ነጻ ከወጡ ሌላ ተከሳሽ መፈለጋችን ነው። የመጀመሪያዋ እናቱ ትሆናለች፤ ይህን በስብሰባ የሚያነሣ ወንድ በእድራችን አልተመዘገበም። ክትፎ ቤቱን እንዳንጠራ ሊቀ መንበሩ እዚያ ድርሻ አላቸው። የአክስቱን ጠላ እንዳንጠረጥር ለሚመጣው ክርስትና ጠማቂዋ እሷ ናት። የወጡን ናሙና ይመርመር እንዳንል፣ የእርስዎን ዘመዶች የሚያበስሉ ወጥ ቤቶች ናሙና አስቀምጠው ለክፉ ቀን ያቆያሉ ይባላል፤ ከእኛ ዶሮ የቀረውን ግን ውሻው ወስዶታል። ውሻው ደህና ነው። ይህም ለመከላከያዎ የሚጠቅም ማስረጃ ስላልሆነ እንዳይጠቅሱት።

ከዚህም በላይ፣ ከሁላችንም ምግብ መካከል የተጫነበት ሰዓትና የበረራ ቁጥር የተጻፈለት፣ ማን እንዳበሰለውም ተጠይቆ የሚታወቅ እርስዎ ብቻ ነዎት። አድራሻ ያለው ሰው ይከሰሳል። አድራሻዎን ባያስመዘግቡ ኖሮ እንደ ሥጋ ቤታችን በሰላም ይኖሩ ነበር።

ከሰላምታ ጋር
የእድሩ ጸሐፊ

ግልባጭ፦
ለሊቀ መንበሩ (ማኅተም እንዲያደርጉበት፤ ከሰዓት በኋላ ክትፎ ቤት ይገኛሉ)

ድኅረ ጽሑፍ፦ ልጁ ለፋሲካ ይመጣል። ሁዳዴን 55ቱንም ቀን ጾሜ ነው የምመጣው ብሏል። ለቅርጫው በሬ ከወዲሁ ተዋጥቷል፤ ጥሬው ከሽንጡ እንዲቆረጥለት ተነግሯል። የመመለሻ ትኬቱ የዳግማይ ትንሣኤ ማግስት ሌሊት ነው። እባክዎ በዚያ በረራ ላይ እንዳይቀሩ።