ሰዓቱን የሞላው ማነው?

ፈቃድ ወጥቼ፣ ትክል ድንጋይ እናቴ ቤት ቶናው ሊቀዳ ሲል ስልኬ ጮኸ። ጎንደር ከምሠራበት መጋዘን ነው።

«ጋሼ፣ ባርኮድ አንባቢው ካርቶኑን ሁሉ ወደ ውድቅ እየጣለው ነው!»

ኔትወርክ የሚገኘው አጥሩ ጥግ ብቻ ስለሆነ፣ እንደ ከተማዋ ስም እዚያው ተተከልሁ።

እ.ኤ.አ. በ1974 ኦሃዮ ውስጥ ዛሬ የምናውቀው ባርኮድ በሱቅ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነበብ እቃው አንድ እሽግ ማስቲካ ነበር፤ ገንዘብ ተቀባይዋ በእጇ ይዛ ታሳየዋለች። የእኛን ካርቶን የሚያዞር እጅ የለም። በማጓጓዣው ቀበቶ ላይ እንደመጣ ይመጣል፤ ስለዚህ አራት ካሜራዎች በአራት ጎን ቆመው ይጠብቁታል። ኮምፒዩተሩ ደግሞ አራቱን ፎቶዎች በተነሡበት ሰዓት አዛምዶ «የአንድ ካርቶን ናቸው» ይላል።

«ሰዓታቸው ስንት ይላል?» አልሁት።

«ሦስቱ ዘጠኝ ከሃያ፤ አዲሱ ግን ሦስት ከሃያ።»

ላብ አሰመጠኝ። አዲሱን ካሜራ የገጠምሁት እኔው ነኝ፤ ያውም ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ፣ ወደ መናኸሪያ ልሮጥ ስል። ሰዓቱን የሞላሁትም የእጄን ሰዓት አይቼ ነው። ሦስቱ በፈረንጅ፣ አንዱ በሐበሻ ሲቆጥሩ በየት ይገናኙ! ለልጁ ግን «አቧራ ሳይሆን አይቀርም፤ ለማንኛውም ሰዓቱን ከሌሎቹ ጋር አስተካክለው» አልሁት።

አቦሉን ያልጠጣሁት ሰው ቶናውም አለፈኝ። እንደገና ተደወለ፦ አሁን ደግሞ አዲሱ የሚያነሣው የካርቶኑን ጅራት ነው። ለካ በጥድፊያዬ የካርቶኑን መድረስ ከሚያውቀው ሴንሰር ሽቦ ሳልዘረጋለት፣ «አንሣ» የሚለው ትእዛዝ በኔትወርክ ይምጣለት ብዬ ትቼዋለሁ። ቀበቶው በሰከንድ ግማሽ ሜትር ይሄዳል፤ ትእዛዙ 40 ሚሊ ሰከንድ ከተጉላላ ካርቶኑ 20 ሚሊ ሜትር አልፏል። ባርኮዱ መሃሉ ላይ ይቆረጣል። ሽቦውን ከሴንሰሩ በቀጥታ እንዲያገናኝ ነገርሁት። እየነገርሁት ሁለቴ ተቋረጠ።

ሦስተኛው ጥሪ ይባስ፦ አራቱም በአንድ ቅጽበት ያነሣሉ፤ ፊት ለፊት የተያዩት ሁለቱ ግን ፎቷቸው ነጭ ወረቀት ሆኗል። አንዱ የሌላውን ዓይን በፍላሽ እያጠፋ ነው።

አጎቴ መሪጌታ ናቸው፤ ጎንደር በአታ አቋቋም ተምረዋል። በረካቸውን ይዘው አጥሩ ድረስ መጡና «ምን ሆነህ ነው?» አሉኝ። ነገርኋቸው።

«አብሮ መዝለልን ማን አዘዛችሁ? ከበሮውም ጸናጽሉም የሚያገለግሉት አንድ ዜማ ነው፤ ግን ሁሉም ተራውን ያውቃል።»

እኔ ስንት ገጽ መመሪያ አንብቤ ያልገባኝ ይኸው ነበር። ከሁለቱ አንዱን 5 ሚሊ ሰከንድ እንዲያዘገየው አዘዝሁ። በዚያች ቅጽበት ካርቶኑ የሚንቀሳቀሰው 2.5 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ ለኮምፒዩተሩ ምኑም አይደል። ብርሃኑ ግን ከሌላው ዓይን ላይ አይወድቅም።

«ሠራ!» አለ ልጁ። «መዝገቡ ላይ ጥገናው ስንት ሰዓት አለቀ ብዬ ልሙላ?»

«ስድስት» ብዬው ዘጋሁና ወደ ቡናው ሮጥሁ። ረከቦቱ ተነሥቷል። ቁጭ እንዳልሁ ትዝ አለኝ፤ ወደ አጥሩ ተመልሼ ደወልሁ። አይነሣም።