ሥርዓተ ሐዲስ ሞተር

በቤንዚንና በናፍታ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገራችን እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ፣ አባቶቻችን በብዙ ድካም ያቆዩልን አንድ ክቡር ጥበብ፣ ይኸውም ሐዲስ ሞተርን አለማምዶ ለአካለ መጠን የማድረስ ጥበብ፣ ወራሽ አጥቶ እንዳይቀር ስለ ሠጋሁ፣ ለሚመጣው ትውልድ መታሰቢያ ይሆን ዘንድ ሥርዓቱን እንደ ሰማሁትና እንዳየሁት በጽሑፍ ላኖረው ወደድሁ። ሥጋቴ ግን ከልክ ያለፈ ሳይሆን አልቀረም፤ የኤሌክትሪክ መኪና የገዛው ጎረቤቴ በየማለዳው ከቁርስ በፊት አስነሥቶ «ትንሽ ትሙቅ» እያለ በግቢው ሲያቆማት ባየሁ ጊዜ፣ ሃይማኖቱ ያለ ሞተርም ጸንቶ እንደሚኖር ተረድቼ ተጽናናሁ።

የሥርዓቱ መጀመሪያ መጽሐፉን አለመክፈት ነው። ከሐዲስ መኪና ጋር አንድ መጽሐፍ ይመጣል፤ ሥፍራውም በጋቢናው መሳቢያ ውስጥ ነው፤ ላስቲኩ ሳይቀደድ መኖሩም የባለቤቱን ጨዋነት ያስመሰክራል። ችኩል ሰው ቢገልጠው የሚያገኘው ነገር እጅግ የሚያሳፍር ነውና። የቶዮታን ብንወስድ፣ እስከ 300 ኪሎ ሜትር ድረስ ድንገተኛ ፍሬን አትያዝ፣ እስከ 800 ተሳቢ አትጎትት፣ እስከ 1,000 ደግሞ ከመጠን በላይ አትፍጠን፣ ነዳጁን በድንገት አትርገጥ፣ በዝቅተኛ ማርሽ ሳታቋርጥ አትንዳ፣ በአንድ ፍጥነትም ላይ ረጅም ጊዜ አትቆይ ብሎ ያበቃል። ሐተታ የለው፣ አንድምታ የለው! አንድ ተማሪ ቅኔ ለመቁጠር ከደብር ደብር ሲንከራተት ዓመታት በሚፈጅበት አገር፣ ሚሊዮን ብር ስለ ፈሰሰበት ሞተር የተጻፈ ትምህርት ሻይ ሳይበርድ ተነብቦ የሚያልቅ ከሆነ፣ ትምህርት ነው ብሎ የሚቀበለው ማን ነው? ስለዚህ አስተዋይ ሰው መጽሐፉን እንደ ታሸገ ትቶ ወደ ሊቃውንቱ ይሄዳል፤ ሊቃውንቱም፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ብዙዎች ናቸው፤ አማቹ አሉ፣ ጎሚስታው አለ፣ የመኪና ማቆሚያው ጠባቂ አለ፣ በወጣትነታቸው ዘመን ቮልስ የነዱት የእድር ዳኛም አሉ።

ሊቃውንቱ ግን በሁለት ባህል የተከፈሉ ስለሆኑ፣ ዐፄ ዮሐንስና ንጉሥ ምኒልክ በ1870 ዓ.ም. በቦሩ ሜዳ እንዳደረጉት ያለ ጉባኤ ካልተጠራ በቀር ነገሩ በስምምነት ያልቃል ብዬ ተስፋ አላደርግም። የፊተኞቹ፣ ሐዲስ ሞተር ዐራስ ነውና ከ40 በላይ እንዳትነዳ፣ ዳገት እንዳታሳያት፣ ነዳጁንም በጫማህ ጫፍ ብቻ እንድትነካው ብለው ይመክራሉ። የኋለኞቹ ደግሞ፣ ገና ከሻጩ ግቢ እንደ ወጣች ወደ አዳማው ፈጣን መንገድ ወስደህ እስከ ወለሉ ድረስ ርገጣት፣ በልጅነቷ ያልሮጠች በእርጅናዋ አትሮጥም ይላሉ። የሁለቱም ማስረጃ አንድ ዓይነት ነው፤ እንዲሁ አድርገው የያዟት፣ ዓመት ከዓመት ጋራዥ ደጃፍ ያልረገጠች፣ ተወዳዳሪ የሌላት መኪና ነበረቻቸው። ዛሬ ወዴት እንዳለች ብትጠይቃቸው ግን ተሸጣለች።

የእኔ ልብ የሚያዳላው ለፊተኞቹ ነው፤ ሥርዓታቸው የጸሎት መዓዛ አለውና። ባለ መኪናው ገና ጎሕ ሲቀድ ጋቢውን ተከናንቦ ይወጣል፤ ኮፈኑን በመዳፉ ዳበስ አድርጎ ያስነሣታል፤ ድምፅዋን ለጥቂት ጊዜ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ካዳመጠ በኋላ ወደ ቤቱ ተመልሶ ቡናውን ከአቦል እስከ በረካ ይጠጣል። በዚህ ሁሉ ጊዜ መኪናይቱ ያለ ሥራ ቆማ ታጉረመርማለች፤ ጭሷም በጎረቤት መስኮት እየገባ የተኛውን ልጅ ያስላል። ከዚያም እስከ መሥሪያ ቤቱ ያለችውን አጭር መንገድ፣ ከኋላው የተሰለፈው ሕዝብ በክላክስ እየረገመው፣ እንደ ታቦት አጃቢ በዝግታ ይጓዛል።

በዚህ ነገር የሚቃወሙን መሐንዲሶች ናቸው። እነርሱ እንደሚሉት፣ የሲሊንደሩ ግድግዳ ሲሠራ ሆን ተብሎ እርስ በርሱ የሚተላለፍ ረቂቅ ጭረት ይጫርበታል፤ የፒስተኑ ቀለበትም በዚህ ጭረት ላይ እየተፋተገ ከግድግዳው ጋር ይዋሐዳል፤ ቀለበቱን ወደ ግድግዳው አጥብቆ የሚገፋው ግን በሲሊንደሩ ውስጥ የሚቃጠለው ነዳጅ ግፊት ስለሆነ፣ ሞተሩ መጠነኛ ሸክም ካላገኘ፣ ማለት በልክ እየተረገጠና እየተለቀቀ፣ ፍጥነቱም ከፍ ዝቅ እያለ ካልተነዳ፣ ተዋሕዶው አይፈጸምም፤ ጭረቱም ሥራውን ሳይጨርስ በተቃጠለ ዘይት ተለስኖ ይለሰልሳል፤ ከዚያ ወዲያ ዘይቱ ሽቅብ እየወጣ ከቤንዚኑ ጋር አብሮ ይነዳል። ከልክ በላይ የተረገጠ እንደ ሆነ ደግሞ ገና ያልተላመደው ብረት ግሎ ይፋጫል፤ ስለዚህ ሁለታችሁም ተሳስታችኋል ይሉናል። መቼም መካከለኛ መንገድ በጥንት ዘመንም ቢሆን ብዙ ተከታይ አፍርቶ አያውቅምና አልሰማናቸውም። በ1900 ዓ.ም. ግድም ቤንትሊ የተባለው እንግሊዛዊ ለዳግማዊ ምኒልክ ያመጣት ሲድሊ መኪና እንኳ፣ ከጅቡቲ ተነሥታ መንገድ ያልተጠረገበትን በረሓና ዳገት ሁሉ አልፋ አዲስ አበባ ስትገባ፣ መሐንዲሶቹ የሚመኙትን ልውጥውጥ ሸክም በገዛ እግሯ አግኝታዋለች፤ ያጣችው መካሪ ብቻ ነበር።

ከመካሪዎቹ ቀጥሎ ዘመድ ይመጣል። ሐዲስ መኪና በቤተ ሰብ ውስጥ መኖሯ ከተሰማ ዘንድ የመጀመሪያው ቅዳሜ የእርሷ አይደለም፤ የእኅት ልጅ ሠርግ አለ። በአበባና በሪባን ተሸልማ፣ ከሙሽሮቹ በላይ እየተመሰገነች፣ ቪዲዮ ቀራጩ ከፊት ባለችው መኪና መስኮት ወገቡን አውጥቶ «ቀስ! አሁንም ቀስ!» እያለ ስለሚያዝዝ፣ እኩለ ቀን ፀሐይ ላይ በአንደኛ ማርሽ ከአደባባይ ወደ አደባባይ ስትዞር ትውላለች። በዝቅተኛ ማርሽ ሳታቋርጥ አትንዳ የሚለው ቃል ያን ጊዜ ከመሪው በስተቀኝ፣ ክንድ በሚደርስበት ቦታ፣ በላስቲኩ ውስጥ ተኝቷል።

ወሩ ታኅሣሥ የሆነ እንደ ሆነ ደግሞ የቁልቢ ስለት አለ። እስከ ትናንት ከ40 እንዳታልፍ፣ የቤተ መንግሥትን ዳገት እንኳ እንዳታይ ስትጠበቅ የኖረችው መኪና፣ ለ19ኙ ክብረ በዓል አያትን፣ አክስትን፣ ሁለት የጎረቤት ልጆችንና የስለቱን ጥላ ይዛ፣ በፖርቶመጋላዋም ስንቅና ፍራሽ ተሸክማ፣ ከአዋሽ በረሓ ሙቀት ወጥታ የአሰበ ተፈሪን ዳገት ትያያዘዋለች። ዐራስነቷ በዚያ ቀን አይታሰብም። ጉድለት ቢኖር ገብርኤል ይጠብቃል ይባላል፤ እኔ በመልአኩ ተራዳኢነት ፈጽሞ አልጠራጠርም፤ ነገር ግን የዘይት መጠን መመልከቻውን ዘንግ መዝዞ ማየት ከሊቀ መላእክት የሚጠበቅ ሥራ መሆኑን በገድልም በድርሳንም አላነበብሁም።

ስለ ዘይቱ ብዙ አልልም፤ ባለቤቱም አይልም። የመቀመጫው ላስቲክ ግን ሌላ ነገር ነው። እርሱ በየሳምንቱ በእርጥብ ጨርቅ ይወለወላል፣ የተቀደደ ቢኖር በፕላስተር ይለጠፋል፤ በሙቀት ወራት የተቀመጠበት ሰው ጀርባ እየተጣበቀ ሲላቀቅ የሚያሰማው ድምፅም ለባለቤቱ ከዜማ በላይ ነው። ሞተር በኮፈን ሥር የተሰወረ ነገር ነውና የሚያየው የለም፤ ላስቲኩን ግን ማኅበርተኛው ሁሉ ያየዋል።

ዘመኑ ሲደርስ ከማርሚታዋ ሰማያዊ ጭስ ይወጣል። ባለቤቱ በመጀመሪያ ነዳጅ ማደያውን ይከስሳል፤ ቀጥሎ የአዲስ አበባን ከፍታ፤ በመጨረሻም የሰው ዓይን ነው ብሎ ይደመድምና ደላላ ይጠራል። ደላላው ላስቲኩን ባየ ጊዜ ፊቱ ይበራል፤ ገዢም ሳይውል ሳያድር ይገኛል። ይህ ገዢ፣ ዕድሉ ሆኖ ትንሽ የሚጠራጠር ሰው ቢሆንና ለሙከራ በእንጦጦ ዳገት ላይ ነዳጁን ጠንከር አድርጎ ሊረግጥ ቢቃጣ፣ ጭሱ ከኋላ ሳይታይ ባለቤቱ ፈጥኖ ክንዱን መያዝና በአዛኝ ድምፅ እንዲህ ማለት ይገባዋል፦ «ኧረ ወንድሜ፣ ቀስ በላት! ገና ተለማምዳ አልጨረሰችም።»