የድንገተኛ ጉዞ ሕግጋት፦ ከቱሉ ዲምቱ እስከ ሐዋሳ የተደረገ ምልከታ

ሳይታቀድ የሚደረግ የመኪና ጉዞ በምሁራን ዘንድ ተገቢውን ትኩረት አላገኘም። ይህ ጽሑፍ ክፍተቱን ለመሙላት የቀረበ ሲሆን፣ ወሰኑ ከአዲስ አበባ ሐዋሳ የሚያደርሰው 275 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ነው። መከራከሪያው አጭር ነው፦ ያልታቀደ ጉዞ ከታቀደው የጠበቀ ሕግ አለው፤ የማያውቀው ተጓዡ ብቻ ነው።

ጉዞው የሚጀምረው «ቢሾፍቱ ዓሳ በልተን እንመለሳለን» በሚል ውሳኔ ነው። ቢሾፍቱ ቅርብ ናት፤ ሐይቅም አላነሳትም። ችግሩ የሚመጣው መኪናው ቱሉ ዲምቱ ላይ ካርድ ተቀብሎ ፈጣን መንገዱን ከያዘ በኋላ ነው። «ሆራ ይሻላል ወይስ ባቦጋያ?» የሚል ክርክር ይነሳል፤ ክርክሩ ሲቋጭ መውጫው ታልፏል። በዚህ መንገድ ላይ አዙሮ መመለስ ክልክል ስለሆነ ቀጣዩ ዕድል ሞጆ ነው። ሞጆ ላይ ደግሞ ከኋላ ወንበር «ዝዋይ እኮ ምንም አትርቅም» የሚል ድምፅ ይሰማል።

ከዚህ በኋላ የቅርበት ሕግ ሥራውን ይጀምራል። በሕጉ መሠረት ርቀት የሚለካው ከቤት ሳይሆን መጨረሻ ከቆሙበት ከተማ ነው። ከዝዋይ ላንጋኖ ቅርብ ነው፤ ከላንጋኖ ሻሸመኔ ቅርብ ናት፤ ሻሸመኔ ደርሶ ሐዋሳን ሳያዩ መመለስ ነውር ነው። መቂ ላይ አንድ ጆንያ ሽንኩርት ይገዛል፤ ሐዋሳ ደርሶ ይመለሳል። በመኪናው ውስጥ መድረሻው በትክክል የታወቀው እሱ ብቻ ነው።

ሲመሽ አልጋ ፍለጋ ይጀመራል። ዋጋ እንዳይወደድ መኪናው ራቅ ብሎ ይቆማል፤ በክርክር የሚታመን አንድ ሰው በእግሩ ይላካል። ጥያቄዎቹ ሦስት ናቸው፦ አልጋ አለ? ስንት ነው? ሙቅ ውሃ አለው? ለሦስተኛው መልሱ ሁልጊዜ «አለው» ነው፤ ሰዓቱ ግን አይገለጽም። «ገብተው ይዩት» ሲባል መልእክተኛው ፊቱን አኮሳትሮ ይገባል፤ ፍራሹን በመዳፉ ይጫናል፣ አንሶላውን ገለጥ ያደርጋል፣ መብራቱን አብርቶ ያጠፋል፣ ቧንቧውን ይከፍታል። ምርመራው በውሳኔው ላይ ያሳደረው ተጽዕኖ አልታየም። «እስቲ ሌላም አይተን እንመጣለን» ብሎ ይወጣል፤ ከተማውን ዞሮ እዚያው ይመለሳል። እንግዳ ተቀባይዋ ቁልፉን ወደ ማንጠልጠያው አልመለሰችውም፤ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ትጠብቀው ነበር። ሕጉን ከአጥኚው ቀድማ የደረሰችበት እሷ ናት።

ቁርስ ራሱን የቻለ ምዕራፍ ነው። ከቤቱ በአንድ ስኒ ሻይ የሚወጣ ሰው፣ ቁርስ ከአልጋው ዋጋ ጋር መሆኑን ከሰማ ጠባዩ ይለወጣል። እንቁላል ፍርፍር፣ ጨጨብሳና ፉል በየተራ ያነሳል፤ ዳቦና ማርማላታ ይደግማል፤ ከዚያ የከፈለውን ገንዘብ ከበላው ጋር በዓይኑ ያመዛዝናል። ሒሳቡ እስከ ዛሬ ለእንግዳ አድልቶ አያውቅም፤ መብላቱም አይቆምም።

አንድ ጉዞ በእውነት ያልታቀደ መሆኑን ማረጋገጫውም እዚሁ ገበታ ላይ ይገኛል። ሐሙስ ማታ አድሮ ዓርብ ጠዋት ቁርስ ላይ የተቀመጠ ጿሚ፣ የከፈለበትን እንቁላል ጎረቤቱ ሲበላው እያየ ፉል ይጠቀልላል። ያቀደ ሰው ይህን አያደርግም፤ ቅዳሜን ይመርጣል። ስለዚህ የዓርብ ፉል አስተማማኝ ማስረጃ ሆኖ ተመዝግቧል።

የጥናቱ ዋና ግኝት ግን የተገኘው በመልስ ጉዞ ነው። እሑድ ከሰዓት በኋላ ቱሉ ዲምቱ መክፈያ ላይ ሰልፉ ረዘም ይላል። ከየመኪናው የኋላ መስኮት ሽንኩርት ይታያል፤ በየመኪናው ውስጥም «ድንገት እኮ ነው የወጣነው» የሚል ስልክ ይደወላል። ይህን ያህል ሕዝብ በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ በር ለማስገባት በዕቅድ ቢሞከር ኮሚቴ ማቋቋም፣ በጀት መያዝና ቢያንስ ሁለት ጊዜ ቀን መቀየር ያስፈልግ ነበር።