ጓዝና አገር፦ ከአዲስ አበባ እስከ አርባ ምንጭ በአይሱዙ ጀርባ ላይ የተካሄደ ጥናት

ኢትዮጵያዊ የመንግሥት ሠራተኛ አገሩን የሚጎበኘው በዝውውር ደብዳቤ ነው። የጥናታችን መላ ምት ይህ ሲሆን እስካሁን የተቃወመው ሰው አላጋጠመንም። ለሽርሽር ብሎ የሻላን ሐይቅ ያየ ሒሳብ ሹም ፈልገን አጣን፤ «ለሥራው አስፈላጊነት ሲባል» ተብሎ ከነቡፌው በሻላ አጠገብ ያለፈ ግን በየመሥሪያ ቤቱ ሞልቷል። ደብዳቤው ስለ ጉብኝት ምንም አይልም። የሚያወራው ስለ ጓዝ ማንሻ አበል ነው፤ ግልባጩም ለሰው ኃይል፣ ለፋይናንስና ለመዝገብ ቤት ይሄዳል። ለሐይቆቹ ግልባጭ አይደረግላቸውም።

የጓዝ ማንሳት ዘርፍ ታሪክ ረጅም ነው። ከጎንደር በፊት ነገሥታቱ ለብዙ ዘመን ቋሚ መናገሻ አልነበራቸውም። የአንድ አካባቢ ማገዶና ስንቅ ሲያልቅ ሰፈሩ ይነቀልና ድንኳኑ ሌላ ቦታ ይተከላል። አፄ ምኒልክም ከአንኮበር ወደ እንጦጦ መጡ፤ ከእንጦጦ በ1879 ዓ.ም. ወደተቆረቆረችው አዲስ አበባ ወረዱ፤ እዚያም እንጨቱ ሲሳሳ ወደ አዲስ ዓለም ጓዝ ለመጠቅለል ተሰናድተው ነበር። ያስቀራቸው ባሕር ዛፍ ነው ይባላል፤ ቶሎ ያድጋልና ማገዶው ደረሰ፣ ከተማውም ባለበት ቀረ። በዘመናችን የተለወጠው ነገር ጥቂት ነው። ሰውን ከቤቱ የሚያስነሳው ማገዶ መሆኑ ቀርቶ አለቃ ወይም አከራይ ሆኗል። አከራይን የሚያስቆም ዛፍ ገና አልተገኘም።

የጥንቱ የጉዞ ሥርዓት ዛሬም አይሱዙ ላይ ይታያል። በዘመቻ ፊታውራሪ ከፊት፣ ቀኝ አዝማች በቀኝ፣ ግራ አዝማች በግራ፣ ደጀኑ ከኋላ ይሄዱ ነበር። በአይሱዙው ፊታውራሪው ፍሪጁ ነው፤ ከጋቢናው ጀርባ ተጠግቶ ይቆማል። ቡፌው በቀኝ፣ ቁም ሳጥኑ በግራ ይሰለፋሉ። የንጉሡ ድንኳን በሚተከልበት መሐል ላይ ቴሌቪዥኑ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ፣ በሁለት ፍራሽ ታቅፎ ይቀመጣል። ደጀኑ ባልዲ፣ ጀሪካን፣ መጥረጊያና የከሰል ምድጃ ነው። ጀበናው ብቻ አይጫንም፤ እመቤቲቱ ጭናቸው ላይ ይዘውት ጋቢና ይገባሉ። በዚህ ላይ የተነሳ ክርክር አልተመዘገበም።

ሥርዓቱን የሚያስፈጽሙት ጫኝና አውራጆች ናቸው። ቡፌውን ገና ሳይነኩት አንድ ጊዜ ዙሪያውን ይዞሩታል። ከዚያ በዕድሜ ትልቁ አንኳኳ አንኳኳ ያደርግና ራሱን ይነቀንቃል።

«ፋዘር፣ ይሄ እኮ የድሮ እንጨት ነው።»

አባወራው ደስ ይላቸዋል። ደስታቸው ወዲያው ዋጋው ላይ ይደመራል።

«እሺ፣ ስንት ልክፈላችሁ?»

«እርስዎ ያውቃሉ፣ አባቴ።»

በአገራችን ካሉት የዋጋ ተመኖች ሁሉ ውዱ ይህ ነው፤ ጣሪያ የለውም።

ሶፋው መጨረሻ ላይ ይጫናል፤ ወርዶ ቶሎ መቀመጫ እንዲሆን ነው ይላሉ። ቦታ ስለሚጠብም ፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ ይቆማል። ጋቢናውን ሾፌሩ፣ እመቤቲቱ፣ ትንሿ ልጅና ጀበናው ስለሚሞሉት አባወራውና የባለቤታቸው ወንድም ከረዳቱ ጋር ከኋላ፣ ሶፋው ላይ ይሰየማሉ። በጭነት ላይ ሰው መጫን ክልክል ነው። ስለዚህ ኬላና ትራፊክ በታየ ቁጥር ሁሉም ሸራው ሥር ይተኛሉ፤ በዚህ ምክንያት ስለ ከተሞች መግቢያና መውጫ የሰበሰብነው መረጃ የተሟላ አይደለም። ሸራው ናፍጣ እንደሚሸት ግን በተደጋጋሚ ተረጋግጧል።

የተከተልነው ቤተሰብ ደብዳቤ የሚለው አርባ ምንጭ ነው፤ ወደዚያ የሚያደርሱ ሁለት ዋና መንገዶች አሉ። በቡታጅራና በሆሳዕና በኩል ያለው ያጥራል። በሞጆና በሻሸመኔ በኩል ያለው 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ምርጫው በካርታ አይወሰንም። ሾፌሩ ለሌሎች ሾፌሮች ደውሎ «መንገዱ ሰላም ነው?» ይላል፤ ሰላም ከሆነ ደግሞ አጎቱ ወዳለበት ይነዳል። የእኛ ሾፌር አጎት ሻሸመኔ ነው። የአገራችን ቱሪዝም በአጎቶች አሰፋፈር ላይ የተመሠረተ መሆኑን እስካሁን ያጠናው የለም።

ከሞጆ እስከ ባቱ ሰፊና ለስላሳ የክፍያ መንገድ አለ። ሾፌሩ በአክብሮት አየውና በአሮጌው ቀጠለ። አንደኛው ምክንያት ክፍያው ነው። ሁለተኛውና ሳይንሳዊው ምክንያት ግን ፈጣኑ መንገድ ግራና ቀኙ የታጠረ መሆኑ ነው፤ ሽንኩርት አያስገባም።

እዚህ ላይ የጥናቱ ዋና ግኝት ይገኛል፦ ጓዝ በመንገድ ይወልዳል። ቤተሰቡ ከአዲስ አበባ ሲወጣ መኪናው ሞልቶ፣ አንድ በርጩማ እንኳ ለጎረቤት ተሰጥቶ ነበር። ቆቃ ላይ፣ በጣሊያን የጦር ካሳ ተሠርቶ በ1952 ዓ.ም. ከተጠናቀቀው ግድብ ብዙም ሳይርቅ፣ ዓሣ ተገዛ። መቂ ላይ ቲማቲም በሣጥን፣ ሽንኩርት በማዳበሪያ ቀረበ።

«እናት፣ ውሰጂ እንጂ! አዲስ አበባ ስንት እንደገባ ታውቂ የለ!»

እመቤቲቱ ያውቃሉ። ቤተሰቡ አዲስ አበባን ለቅቆ እየሄደ መሆኑን፣ የአዲስ አበባ ዋጋ ከእንግዲህ እንደማይመለከተው፣ ከሚሄድበትም ቀበሌ ሽንኩርት እንደማይጠፋ ማንም አላነሳም። ሽንኩርቱ ቁም ሳጥን ውስጥ ገባ። ክረምት ላይ የሥራ ልብሶች ለምን ወጥ ወጥ እንደሚሸቱ የሚጠይቅ የሥራ ባልደረባ ይህን አንቀጽ ያንብብ።

ባቱ ላይ የደምበል ሐይቅ አለ። በትውፊት እንደሚነገረው በዮዲት ዘመን ታቦተ ጽዮን ከአክሱም ሸሽታ የቆየችው በዚህ ሐይቅ ላይ ባለችው በቱሉ ጉዶ ደሴት ነው፤ በኋላም በሰላም ተመልሳለች። ለዘርፋችን ይህ ትልቅ ምሳሌ ነው። ያን ሁሉ አገር ያለ አይሱዙ፣ ያለ ሸራ፣ ያለ ኮቴ ተጉዞ ምንም አልተሰበረም። በእኛ ጉዞ ባቱ ሳንደርስ የቡፌው መስታወት ተሰንጥቋል።

ከባቱ በኋላ ያለው ለሶፋው ተመራማሪዎች እጅግ የበለጸገው ክፍል ነው። ሶፋው ወደ ኋላ ስለሚመለከት አገር የሚታየው ካለፈ በኋላ ነው። ግራሩ፣ አህያው፣ ጋሪው፣ ማርና ከሰል ይዞ የቆመው ልጅ ሁሉም ከጀርባ ድንገት ብቅ ይሉና እያነሱ ይሄዳሉ። ምን እንደሚመጣ ማወቅ አይቻልም፤ የመጣውን ግን እስኪጠፋ ድረስ በእርጋታ ማየት ይቻላል። አስጎብኚ ድርጅቶች ይህን ዘዴ አልሞከሩትም። መኪናው በጭነት ብዛት ስለሚያዘግም ላንጋኖ በቡናማ ውሃው ረጅም ጊዜ አብሮን ቆየ፤ በሌላው በኩል ደግሞ አብጃታና ሻላ አሉ። አባወራው ሻላ ከስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን ሁሉ ጥልቁ እንደሆነና ከ250 ሜትር እንደሚበልጥ ለባለቤታቸው ወንድም አስረዱ።

«የፍሪጁ ጋዝ ግን አይፈስም?» አለ የባለቤታቸው ወንድም።

በዚህ ጥያቄ የሐይቆቹ ክፍለ ጊዜ ተዘጋ።

ሻሸመኔ አጎትየው ዘንድ አደርን። ከተማዋ ለጥናታችን የተገባች ናት፤ አፄ ኃይለ ሥላሴ መሬት ከሰጧቸው በኋላ ከጃማይካ ጓዛቸውን ጠቅልለው ውቅያኖስ ተሻግረው የመጡ ራስታፈሪያን የሚኖሩባት ናት። ያ ሁሉ ጉዞ ያለ ዝውውር ደብዳቤና ያለ ጓዝ ማንሻ አበል መደረጉን አባወራው ሲሰሙ ለጊዜው ዝም አሉ። ከዚያ በሐላባ በርበሬ ተገዛ፤ ወላይታ ሶዶ ቁርስ ተበላ።

ከሶዶ ወደ አርባ ምንጭ ሲወረድ በአንድ ወገን የጋሞ ተራሮች፣ በሌላው ዓባያ ይታያሉ። ዓባያ ከስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን በስፋት የሚስተካከለው የለም፤ ውሃው ቀላ ያለ ነው። ምዕራብ ዓባያ ላይ መኪናው ቆመ። ሙዝ። አርባ ምንጭ ራሷ የሙዝ አገር ናት፤ ቤተሰቡ ደግሞ እዚያው ሊኖር ነው የሚሄደው። እመቤቲቱ ግን «ባዶ እጅ አይገባም» አሉ። እጅ ባዶ አልነበረም። እግርም ማሳረፊያ አልነበረውም።

በአርባ ምንጭ ቤቱ ሲቀላ ሰፈር፣ ቢሮው ዳገቱ ላይ ሴቻ ሆኖ ተገኘ። ደብዳቤው ይህንንም አልገለጸም። የሲቀላ ጫኝና አውራጆች ቡፌውን ዞሩት፤ አንዱ አንኳኳና የመስታወቱን ስንጥቅ አየ፤ ስንጥቁም ዋጋ ጨመረ፤ «በጥንቃቄ ስለሚወርድ» ነው።

ጥናቱን ያናጋው ግን ከከተማዋ በላይ፣ ወደ ጨንቻ በሚወስደው ዳገት ላይ ያለው ዶርዜ ነው። የዶርዜ ቤት ከቀርከሃ ይሸመናል፣ በእንሰት ይለበሳል፤ ሲሠራ ረጅም ነው፣ ምስጥ ከሥሩ ሲበላው እያጠረ ይሄዳል። ቦታ መቀየር ካስፈለገ ጎረቤት ይሰበሰብና ቤቱን ራሱን አንስቶ ተሸክሞ ይወስደዋል። ደላላ የለም፣ አከራይ የለም፣ «እርስዎ ያውቃሉ» የለም። የባለቤታቸው ወንድም ይህን ሲሰማ «ታዲያ ቡፌው የት ይሆናል?» ብሎ ጠይቋል፤ ጥያቄው ለቀጣይ ጥናት ተላልፏል።

ስለዚህ የዝውውር ደብዳቤ የምትጽፉ ክፍሎች፣ በግልባጩ ላይ «ለሾፌሩ አጎት» የሚል ጨምሩ፤ መንገዱን የሚወስነው እሱ ነውና። አንተም ደብዳቤው የደረሰህ አንባቢ፣ ፍሪጁን አቁመህ አስጭን፣ ሽንኩርቱን ከልብሱ ለይ፣ ሶፋውን መጨረሻ አድርግ። ፊትህን ወደ ኋላ አዙረህ ከተቀመጥህ ዓባያ በቀኝህ ነው፤ ጋቢና ላሉት ግን በግራ።