ስንት ኪሎ ነው? ከቦሌ እስከ ደለስ የተደረገ ጥናት

ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ እስከ ደለስ ያለው የአየር ርቀት 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ደለስ ራሱ ቨርጂኒያ ውስጥ ነው፤ ተጓዡ ግን "ዲሲ ልሄድ ነው" ይላል፤ በዚህ ክርክር አንገባም። ጥናታችን የሚጀምረው ከበረራው ሦስት ቀን ቀደም ብሎ፣ ገርጂ፣ በተጓዧ አክስቴ ሳሎን ምንጣፍ ላይ አፋቸውን ከፍተው ከተጋደሙት ሁለት ሻንጣዎች አጠገብ ነው።

አስቀድሞ የቃላት ፍቺ። በዚያ ቤት ለሦስት ቀን "ስንት ኪሎ ሆነ?" ሲባል ሰንብቷል፤ አንድም ጊዜ ስለ ርቀት የተጠየቀ አልነበረም። ለአንድ ሻንጣ የተፈቀደው 23 ነው። አመዛዘኑ እንዲህ ነው፦ የአክስቴ ልጅ ሻንጣውን ታቅፎ ሚዛኑ ላይ ይወጣል። ሻንጣው ስለሚጋርደው ቁጥሩ አይታየውም፤ ሌላ ሰው ተንበርክኮ ያነብለታል። ከዚያ የልጁ ክብደት ይቀነሳል። (ከምሳ በፊት 71፣ ከምሳ በኋላ 72 ተመዝግቧል።) 26 ሲመጣ "ይሄ ሚዛን ተበላሽቷል" ተባለ። 22 ሲመጣ ሚዛኑን የጠረጠረ የለም።

በዚህ መሀል ጎረቤታችን በርበሬ በፌስታል ይዘው ገቡ። አክስቴን "ለልጄ ናት፤ ትንሽ ናት፣ አንድ ጥግ ወሽቂያት" አሏት። ትንሽ፣ ሲመዘን፣ 2 ኪሎ ነው።

ወደ በረራው እንመለስ። መሄጃና መመለሻው እኩል ጊዜ አይወስድም። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፤ አየሩ ስስ ስለሆነ የሞተሩም የክንፉም ጉልበት ይቀንሳል። አውሮፕላኑ ሰውና ሻንጣ ሞልቶ፣ እስከ አሜሪካ የሚያደርስ ነዳጅ ተሸክሞ መነሳት ይከብደዋል። ወደ ምዕራብ ሲበር ደግሞ ነፋሱ ፊት ለፊት ነው። ስለዚህ ደብሊን ወይም ሎሜ እያረፈ ነዳጅ ሲቀዳ ኖሯል፤ መንገዱም 16፣ 17 ሰዓት ይፈጃል። ሲመለስ ከዝቅታ ይነሳል፣ ነፋሱም ከኋላ ይገፋዋል፤ 13 ሰዓት ገደማ በርሮ ሳያርፍ ቦሌ ይገባል። በአጭሩ፣ ቦሌ ላይ አውሮፕላኑም ትርፍ ኪሎ አለበት። ይህን ለአክስቴ ቤት ሳስረዳ የተገረመ አልነበረም። "ታዲያ ምን ያንሰዋል?" አሉኝ።

ሰዓቱን በተመለከተ፣ ቲኬቱ 22:30 ይላል፤ በእኛ ከምሽቱ 4:30 መሆኑ ነው። ሦስት ሰዓት ቀድሞ መገኘት ይበቃል። ከቤት የወጣነው ከቀኑ 9:00 ነው። በር ላይ ተለቀሰ፤ ቦሌ ስንደርስ እንደ አዲስ ተለቀሰ። መንገድ ዝግ ስላልነበረ መሀል ላይ የተለቀሰ የለም።

አክስቴ ከገባች በኋላ ውጭ ቆመን ስልክ እንጠብቃለን። "ሻንጣው አለፈ?" አንዱ 25 ሆኖባታል። ከጥቂት ቆይታ በኋላ በሩ ላይ ብቅ አለች፤ ፌስታሉን ይዛለች።

በርበሬው ከገርጂ ተነስቶ ቦሌ ደርሶ፣ ማታ ገርጂ ገብቷል። የጉዞ ሰዓት፦ 6። የአየር ርቀት፦ ዜሮ።

በማግስቱ ጎረቤታችን በአጥር ላይ ብቅ ብለው "በርበሬዋ ደረሰች?" አሉን። "በሰላም ደርሳለች" አልናቸው። የት እንደደረሰች አልጠየቁም።