ማጅራትና ሮም፦ በተማሪ ቡድን የመጀመሪያ እይታ ላይ የተደረገ ጥናት

ስለ ሮም ያልተጻፈ ነገር የለም ይባላል። ስለ ቄሣሮቿ፣ ስለ ጳጳሳቷና ስለ ፍርስራሾቿ የተጻፈውን አንብቦ ለመጨረስ የማቱሳላ ዕድሜ ያስፈልጋል። ከአዲስ አበባ በቡድን ተጉዞ ሮም የገባ የአርክቴክቸር ተማሪ በመጀመሪያው ቀን ምን እንደሚያይ ግን ሊቃውንቱ ዝም ብለዋል። ይህ ጥናት ክፍተቱን ለመሙላት የቀረበ ነው። ዘዴው ቀላል ነው፤ አጥኚው ከቡድኑ ኋላ ኋላ እያዘገመ ያየውን ይመዘግባል። ቡድኑ ሲቀመጥ ይቀመጣል፤ ቡድኑ ሲበላም ሳይንሱ ያስገድደዋልና ይበላል።

መላምቱ እንዲህ ነው፦ ብቻውን የሚሄድ ሰው ከተማ ያያል፤ ሠላሳ ሆኖ የሚሄድ ሰው ከፊቱ ያለውን ሰው ማጅራት ያያል። ሮም የምትታየው ከማጅራቱ ግራና ቀኝ በተረፈው ቦታ ነው።

እይታው ግን ሮም ሳይደረስ ይጀምራል። የሸንገን ቪዛ የሚጠይቅ ተማሪ የባንክ ስቴትመንት፣ የድጋፍ ደብዳቤና ቢያንስ 30 ሺህ ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ የጤና ኢንሹራንስ ማቅረብ አለበት። ይህች ኢንሹራንስ ትልቅ የጠባይ ለውጥ ታመጣለች። ትናንት ሚኒባስ በር ላይ ይንጠላጠል የነበረ ልጅ፣ ገላው 30 ሺህ ዩሮ እንደተገመተ ካወቀ ወዲህ ደረጃ ሲወርድ መደገፊያ ይይዛል።

ከፊውሚቺኖ አውሮፕላን ማረፊያ እስከ ተርሚኒ ጣቢያ ፈጣኑ ባቡር 32 ደቂቃ ይፈጅበታል። በዚህ ሁሉ ጊዜ በመስኮት የሚታየው ኮሎሲየም አይደለም። የፎቅ ቤቶች ጀርባ፣ በረንዳ ላይ የተሰጣ ልብስና በቀለም የተዥጎረጎረ አጥር ነው። መስኮቱ ጋ የተቀመጠው ተማሪ ብዙ ካየ በኋላ፣ "ይሄ ገርጂ ነው እኮ!" አለ። የተቃወመው የለም። ገርጂን የሚያውቅ አንባቢ ፍርዱን ለራሱ ይስጥ።

ተርሚኒ ፊት ለፊት ያለው ሰፊ አደባባይ የተሰየመው እ.ኤ.አ. በ1887 ዶጋሊ ላይ ራስ አሉላ ለደመሰሷቸው አምስት መቶ የጣሊያን ወታደሮች መታሰቢያ ነው። እንግዲህ ከባቡር ወርዶ ወደ ከተማው የሚወጣ ኢትዮጵያዊ መጀመሪያ የሚረግጠው ቦታ የአሉላ እጅ ያለበት ነው ማለት ነው። የቡድኑ መምህር ይህን ቆመው ሊያስረዱ ሞክረዋል። ይሁንና የሮም መንገድ በጥቁር ድንጋይ የተነጠፈ ነው፤ የሠላሳ ሻንጣ ጎማ እዚያ ላይ ሲንኳኳ ሌላ ድምፅ አያሰማም። ከንግግሩ ውስጥ "አሉላ" የምትለው ብቻ ኋላ ድረስ ደረሰች። ኋላ ያሉትም የሆቴሉ ስም መስሏቸው ጉግል ማፕ ላይ ፈለጓት።

ሮምና ቆጠራ የቆየ ዝምድና አላቸው። በአውግስጦስ ቄሣር ትእዛዝ የተነሳ ዮሴፍና ማርያም ለመቆጠር ከናዝሬት ቤተ ልሔም ድረስ መሄዳቸውን የሰንበት ትምህርት ቤት ልጅ ሁሉ ያውቃል። ቄሣሩ ግን ሕዝቡን ወደየአገሩ ልኮ አስቆጠረ እንጂ፣ አንዱ ጄላቶ ሊገዛ ሌላው ሴልፊ ሊነሳ የተበተነ ሕዝብ በጣቱ አልቆጠረም። መምህሩ አውቶቡስ ሲወጣ ይቆጥራሉ፤ ሲወረድ ይቆጥራሉ፤ ከሽንት ቤት በፊትም በኋላም ይቆጥራሉ። በዘመኑ ኃምሳ ሺህ ያህል ሰው ይይዝ የነበረው ኮሎሲየም ውስጥ ገብተው ያዩት ነገር ሠላሳ ጭንቅላት ነው። አጥኚው "መምህሩ ሮምን አይተዋል" ብሎ ለመመስከር ሕሊናው አልፈቀደለትም።

የውኃው ነገር ሰፋ ያለ ማብራሪያ ይፈልጋል። በሮም ጎዳናዎች ላይ አፋቸው እንደ አፍንጫ የታጠፈ፣ ከብረት የተሠሩ 2,500 ያህል የመጠጥ ውኃ ቧንቧዎች አሉ። የመጀመሪያዎቹ የቆሙት እ.ኤ.አ. በ1874 ነው። ውኃው ቀንና ሌሊት ይፈሳል። እንግዲህ ፈረቃ ጠብቃ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ተነስታ ጀሪካን ስትሞላ ያደገች ልጅ እዚህ ፊት ስትቆም ምን ይፈጠራል? ልጅቷ ቧንቧውን ዞረችው። ከላይ ዳሰሰች፤ ከጎን ዳሰሰች። መዝጊያ የለውም። ከዚያ ቀና ብላ፣ "ማነው ከፍቶት የሄደው?" ስትል መንገደኛውን ሁሉ በዐይኗ መረመረች። በዚህ መካከል አንዲት አሮጊት መጡ። የቧንቧውን አፍ በጣታቸው ሲደፍኑት ከላዩ ካለች ትንሽ ቀዳዳ ውኃው ሽቅብ ተስፈነጠረ፤ ጎንበስ ብለው ጠጥተው፣ አፋቸውን ጠርገው ሄዱ። አልዘጉትም። ሁለት ተማሪዎች ተከትለው ሊመክሯቸው ሲነሱ መምህሩ ከለከሏቸው። ቡድኑ በመጨረሻ መንገድ ማዶ ካለች ጋሪ የታሸገ ውኃ ገዛ። በነፃ የሚሰጥ ነገር ያጠራጥራል።

ማኪያቶ ደግሞ አለ። ሮም ውስጥ ማኪያቶ ሲያዙ የሚመጣው ጉሮሮ ሳይደርስ የሚያልቅ፣ ጫፉ ላይ ወተት ጠብ የተደረገበት ቡና ነው። ተማሪዎቹ ቅምሻ መስሏቸው ዋናውን ጠበቁ። ዋናው ሳይመጣ ሲቀር፣ ጣሊያን ማኪያቶን ጀምራ እንዳልጨረሰችው፣ የጨረሰችውም ፒያሳ እንደሆነች በአንድ ድምፅ ተወሰነ። እኔም እስማማለሁ። በዚያ ላይ ቡናው የሚጠጣው ባንኮኒው ላይ ቆሞ ነው፤ ቁጭ ካሉ ዋጋው ይጨምራል። ሦስት ቱር ድረስ ቁጭ ብሎ ቡና ሲጠጣ የኖረ ሕዝብ ለመቀመጫ ሲከፍል ያመዋል። ስለዚህ ቡድኑ በቆጣቢነት ወደ ስፓኒሽ ስቴፕስ ሄዶ ደረጃው ላይ ተዘረገፈ። ወዲያው ፉጨት ተሰማ። እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ እዚያ መቀመጥ የተከለከለ ነው፤ ቅጣቱም እስከ 400 ዩሮ ይደርሳል። በዚህ ስሌት ሮም ውስጥ እጅግ ርካሹ መቀመጫ ያ የተሸሸው የቡና ቤት ወንበር ነበር።

የትሬቪ ፏፏቴን ባጭሩ እንለፈው። ሳንቲም ይጣላል፤ ይለቀማል፤ ለካሪታስ በጎ አድራጎት ይሄዳል፤ በዓመት ከአንድ ሚሊዮን ዩሮ በላይ ይሆናል። ከቡድናችን የተዋጣው የአንድ ብር ሳንቲሞች ናቸው። ካሪታስ የት እንደሚመነዝራቸው እንጃ።

ማታ ለቤተሰብ የሚቀርበው ሪፖርት ለጥናቱ ዋነኛ ማስረጃ ነው። አንዱ ተማሪ ከእናቱ ጋር ያደረገው የስልክ ውይይት እነሆ፦

"እማዬ፣ ኮሎሲየምን አየሁት።"

"ምን በላህ?"

"ፓስታ።"

"ፓስታማ እዚህም አለ። ይበርዳል?"

ሮም በዚህ ተጠናቀቀች።

በማግስቱ ቡድኑ ፖርታ ካፔና አደባባይ ወረደ። የአክሱም ሐውልት እ.ኤ.አ. ከ1937 ጀምሮ የቆመው እዚህ ነበር። በ1947ቱ የሰላም ውል ጣሊያን የዘረፈችውን በ18 ወር ውስጥ ልትመልስ ፈርማ፣ ሐውልቱ አክሱም የገባው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። አደባባዩ ላይ ዛሬ እሱ የለም። ተማሪዎቹ ግን የሌለውን ሐውልት ከሁሉም አቅጣጫ ፎቶ አነሱት፤ ሁለቱ ከጎኑ ተነሱ፤ አንዷ ቁመቱ ፍሬም ውስጥ እንዲገባላት ወደ ኋላ አፈገፈገች። በጥናቱ ዘመን ሁሉ ማንም የማንንም ማጅራት ያላየው እዚህ ብቻ ነው።

አውቶቡሱ ጋ ሲደረስ አሥራ ሁለት ደቂቃ አርፍደዋል። መምህሩ አውሮፓ ውስጥ ሰዓት እንደሚከበር በቁጣ አስረዱ። አንድ ተማሪ "አሥራ ስምንት ወር..." ብሎ ሊጀምር ሲል አፉን አስያዙትና ወደ ቆጠራቸው ገቡ። ሃያ ዘጠኝ። ደግመው ቆጠሩ፤ ሃያ ዘጠኝ። ሠላሳኛው አደባባዩ ፊት ለፊት ባለው የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት በር ላይ፣ ዘበኛውን ክፍት የሥራ ቦታ መኖሩን ሲጠይቅ ተገኘ።