አይጠ መጎጥና ገመዱ

ተረት ተረት፣ የላም በረት። ከፋ ጫካ ውስጥ፣ ወንዝ ዳር፣ አራዊት በማኅበር ያቋቋሙት አንድ የቡና ማጠቢያ ነበረ። እመት ጦጢት እሸቱን ትለቅማለች፣ አህያ ይጭናል፣ አያ ጅቦ መፈልፈያውን ያዞራል፣ ዋኖሶች አልጋ ላይ የተሰጣውን በመንቁራቸው እየነቀሱ ያበጥራሉ። ሊቀ መንበሩ አያ አንበሶ ናቸው። ገዢው ደግሞ ባሕር ማዶ ደርሶ የሚመለሰው ሽመላ ነው።

አንድ ዓመት ሽመላው የቀመሰውን እንትፍ አለው። «አንዱ ስኒ ደህና ነው፣ አንዱ ይሸታል። የትኛው ጆንያ እንደሆነ ስለማላውቅ ሁሉንም መልሻለሁ።»

አያ አንበሶ አገሱ። ጥፋቱ የዋኖሶች ሆነ፤ መጨረሻ ላይ የተቀመጠ መቼም አያመልጥም። አሥር የነበሩት ሃያ ሆኑ፤ በላያቸውም ጥንብ አንሳ ተቆጣጣሪ ተሾመ። ሽታን ለጥንብ አንሳ አደራ መስጠት የማን ሐሳብ እንደነበረ እስከ ዛሬ አልታወቀም።

ዋኖሶች ዐይናቸው እስኪቀላ ፈተሹ። ጥቁሩን አወጡ፣ ስባሪውን አወጡ፣ ነቀዝ የበላውን አወጡ። የሸተተ ፍሬ ግን ብዙ ጊዜ መልኩ ከጓደኞቹ አይለይም፤ ተቆልቶ፣ ተፈጭቶ፣ ስኒ ውስጥ ካልገባ ጉዱ አይወጣም። ጆንያው እንደገና ተመለሰ።

ነገሩን የምታውቀው ማሽኑን የምትጠርገው አይጠ መጎጥ ነበረች። ከከበሮውና ከብረቱ መሐል የትናንት እሸት ይሰነቀራል፤ እዚያው ሲብላላ ያድርና በማግሥቱ ተላቅቆ ከትኩሱ ጋር ይቀላቀላል። ማታ ማታ አቁሞ በውሃ ማጠብ ይበቃ ነበር። ነገር ግን አያ ጅቦ የሚከፈለው በፈረሱላ ነው፤ በየ17 ኪሎው። አንድ ቀን ፈራ ተባ እያለች ብትነግረው «ማሽኑ ቆሞ የሚቀርብኝን አንቺ ትከፍይኛለሽ?» አላት። ከዚያ ወዲህ ጅራቷን ሰብስባ መጥረጓን ቀጠለች።

ሽመላው ለሁለተኛ ጊዜ ሲመጣ ከመንገድ የሰማውን አወራ። ጃፓን ውስጥ ሳኪቺ ቶዮዳ የሚባል ሰው በ1924 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ክር ሲበጠስ በራሱ ቀጥ የሚል የሽመና ማሽን ሠርቶ ነበር፤ ኋላም በልጁ የመኪና ፋብሪካ ሠራተኛው ብልሽት ሲያይ ገመድ ስቦ መስመሩን እንዲያስቆም ተፈቀደለት። አያ አንበሶ ወሬውን ወደዱት። ገመድ ተገዛ፣ ከመፈልፈያው እስከ አልጋው ተዘረጋ። «ብልሽት ያየ ይሳብ» ተባለ፣ ተጨበጨበ።

ሦስት ሳምንት የሳበው አልተገኘም። ጦጢት ተወዛወዘችበት፣ አህያ ጀርባውን አከከበት።

አንድ ጠዋት ማሽኑ በድንገት ጸጥ አለ። የወንዙ ድምፅ ብቻ ቀረ። ዞረው ሲያዩ አይጠ መጎጥ ገመዱ ላይ ተንጠልጥላለች፤ ክብደቷ ስላልበቃ በጥርሷም ነክሳዋለች። አጠገቧ የነበሩት ሁለት ሁለት እርምጃ ሸሹ።

አያ አንበሶ መጡ። እጃቸውን ከበሮው ውስጥ ሰድደው አንዲት የጠቆረች እሸት አወጡና አሸተቱ። ፊታቸው ተጨማደደ።

«መቼ የገባች ናት?»

«የትናንት ወዲያ ትመስለኛለች፣ ጌታዬ።»

«ይህን ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቂው?»

አይጠ መጎጥ ወደ አያ ጅቦ አየች። አያ ጅቦ ወደ ሚዛኑ አየ።

«በፈረሱላ ይከፈለው ያለው ማነው?» አሉ አያ አንበሶ።

ጥንብ አንሳ ቃለ ጉባኤውን ገለጠ፤ ገለጠና መልሶ ሊከድነው ሲል ጦጢት አንገቷን አስግጋ አየችው። ከገጹ ግርጌ፣ ከማኅተሙ ጎን፣ ትልቅ የመዳፍ አሻራ ነበረ።

አያ አንበሶ እጃቸውን አዩ። የእሸቱ ልጋግ ገና አልደረቀበትም።

«ውሃ አምጡ» አሉ።